ሳይቀመስ የተገዛ ጫት

ጅጅጋ ውስጥ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ልቡ ሥራው ላይ ያለ ሰው ካለ፣ ወይ ጫት የማይቅም ነው፣ ወይ አለቃው አጠገቡ ተቀምጧል። ሙላቱ የማይቅም ሰው ሆኖ አያውቅም፤ አለቃም አጠገቡ ተቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ጆሮው ወደ ካራማራ ነበር። ጫት የጫኑ የአወዳይ መኪኖች ተራራውን ተሻግረው ጥሩምባቸውን እያስጮኹ ሲመጡ፣ እሱ በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ እያጠበ የየትኛው ሹፌር ጥሩምባ እንደሆነ ይለያል። በዚህ ችሎታው ያልተደነቀች ሚስቱ እፀገነት ብቻ ናት።

"የሹፌሩን ጥሩምባ ትለያለህ" ትለው ነበር፤ "የልጅህን ድምፅ ግን ከጎረቤት ልጅ ድምፅ አትለይም።"

ሙላቱ የከተማው ልጅ ነው። አያቱ በወታደርነት መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ጭነው፣ መኪናው ከከተማው ሳይወጣ ስለተሰበረ በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። "እኛን እዚህ ያሰፈረን መንግሥት አይደለም፣ ካምቢዮ ነው" እያለ ይቀልዳል። አባቱ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሱ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ የላቦራቶሪ ሥልጠና ወስዶ፣ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት እዚያ ገባ። ሲቆጣ በአማርኛ ነው፣ ሲከራከር በሶማልኛ፤ ዋጋ ሲያስቀንስ በሁለቱም። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲታመስና ብዙ ጎረቤት ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ እሱ አልሄደም። ለምን እንደቀረ ለጠየቁት ሁሉ "ተወልጄበታለሁ" ይል ነበር። እፀገነት ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታብራራለች፦ "እንዲህ ያለ ጫት ሌላ ቦታ አይገኝማ።"

ሰውየው ክፉ አይደለም። እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ምርቃናው ሲይዘው እሱን የመሰለ ባል የለም። ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ፣ ጉንጩን እንደ ኳስ ነፍቶ፣ ለእፀገነት ያልሠራላት ነገር አልነበረም። ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ሠርቶላታል፤ የላይኛው በረንዳ ፊቱን ወደ ካራማራ ያዞረ ነው። በቀብሪበያ መንገድ ላይ የግመል ወተት ማሸጊያ ፋብሪካ ከፍቶ እሷን ገንዘብ ያዥ አድርጓታል። ሲመሽ ምርቃናው ይበርዳል፤ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሆቴሉም ይፈርሳል። ጠዋት የሚነሳው ሌላ ሰው ነው፦ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ በሩ ይጮሃል፣ ጎረቤቱ አህያ ነው። እፀገነት በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ብዙ ሆቴሎች ኖረዋት ያውቃሉ፤ አንዱንም ጠርጋ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ዩኒቨርሲቲው ዓሣ ሊያመጣ ነው፤ ለዓሣዎቹ ጫት የምገዛላቸው እኔ ነኝ" ሲላት፣ ዓሣዎቹንም ወስዳ ከሆቴሉ ጎን አስቀመጠቻቸው።

ዓሣዎቹ ግን እውነተኛ ነበሩ።

ያመጣቸው ዶክተር ዐብዲወሊ የሚባል ወጣት መምህር ነው። እሱም የጅጅጋ ልጅ ነው፤ ተማሪ ሳለ ሙላቱ በትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከእሳት አድኖታል። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው የአእምሮ መድኃኒቶችን የሚመለከት ትምህርት ነው። ጫት አይቅምም፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ሻይ እንኳን ሲጠጣ ስኳሩን ይለካል። ጫት አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሊያጠና ተነሳና ሰው ጠይቆ አየው። ቃሚውን "ምን ይሰማሃል" ሲለው መልሱ ማለቂያ የለውም፤ ያቆመውን ሲጠይቀው ደግሞ መልስ አይሰጠውም። በዚህ ተማርሮ ወደ ዓሣ ዞረ።

ዓሣዎቹ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽገው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጡ። የክብሪት እንጨት የሚያህሉ፣ ከራስ እስከ ጭራ ሰማያዊ መስመር የወረደባቸው ናቸው። ሙላቱ ሲያያቸው "ፒጃማ ለብሰው ነው የመጡት" አለ። የጅጅጋ ብርድ እንዳይገድላቸው የውኃ ማሞቂያ ተደረገላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ከመምህራን ቢሮ ቀድሞ ጄኔሬተር የሚበራው ለእነሱ ሆነ። መምህራኑ ይህን ሰምተው ቅሬታ አሰሙ፤ ዓሣዎቹ ግን ዝም አሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። በአንደኛው ገንዳ ያሉት ንጹሕ ውኃ ብቻ ያገኛሉ። በሁለተኛው ገንዳ ላሉት በየቀኑ የጫት ጭማቂ በልክ ተደርጎ ውኃቸው ውስጥ ይጨመራል። ከዚያ ከየገንዳው አንዳንዱ ወጥቶ፣ አይቶት ወደማያውቀው ጠባብ የመስታወት ሣጥን ይገባና ካሜራ ይቀርጸዋል። ዓሣ አዲስ ቦታ ሲገባ ይፈራል፤ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ከሥር ይቆያል፤ ሲለምደው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ያልቃሙት እንዲህ አደረጉ። የቃመው ግን እንደገባ ወደ ላይ ወጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለስ ጀመር፤ ዞሮ ጥጉን ያያል፣ ተመልሶ ይለካል፣ አሁንም ይሄዳል።

ሙላቱ አጎንብሶ ብዙ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ "ይሄ ሆቴል እየሠራ ነው" አለ።

ዶክተሩ ያሰበው ፋሲካ እስኪያልፍ እንዲህ ሲቅሙ ቆይተው፣ ከዚያ ጫቱን በአንድ ጊዜ አቋርጦ፣ ያቆመ ዓሣ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። ዋናው ጥናት እሱ ነበር። ለዚህም ጫቱ በየቀኑ የዚያኑ ዕለት መሆን አለበት፤ ጫት ካደረ ኃይሉ ይወርዳል። ዶክተሩ አንድ ቀን ራሱ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ "ለምርምር ነው" ሲል ሻጮቹ ከዳር እስከ ዳር ሳቁበትና እንጨት የበዛበት እሽግ ሸጡለት። ከዚያ በኋላ ገዢው ሙላቱ ሆነ። እንደዚህ ያለ ሹመት ከመንግሥት አግኝቶ አያውቅም።

የሚገዛው ከሀሊሞ ነው። ሀሊሞ ቦታውን ከእናቷ የወረሰች፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ እርጥብ ጆንያ ከፊቷ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ናት። ከእሷ ጋር መገበያየት ወግ አለው። ገዢው መጀመሪያ ከእሽጉ ጫፍ አንዲት ለጋ ይቀነጥባል፤ በፊት ጥርሱ ይቀምሳታል፤ ወደ ሰማይ ያያል፤ ፊቱን ያኮማትርና "ይሄም ጫት ነው?" ይላል፤ ከዚያ ይገዛል። ሳይቀምስ የሚገዛ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ለሌላ ሰው የተላከ ነው። ለሁለቱም ከጆንያው ሥር ያደረ ጫት አለላቸው።

ሙላቱ ለዓሣዎቹ ቀምሶ ይገዛል፤ በዚያው ለራሱም ይገዛል። "ለዓሣ ነው" የምትለው ቃል በሻጮቹ ዘንድ ተወደደችና ሌላውም ገዢ ይላት ጀመር። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ለዓሣ ገዛ፤ የቀብሪበያ ሚኒባስ ሹፌር ለዓሣ ገዛ። ከተማው በዓሣ ተሞላ።

ነገሩ የተበላሸው በየካቲት 2015 ነው። ልጃቸውን ሳሌምን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከሐረር ተላኩ። የተባለው ጠዋት ነበር፤ መኪናቸው ጎማ ፈንድቶበት የደረሱት ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሙላቱ ጠዋት ለብሶ ተዘጋጅቶ የጠበቃቸው ሰው ሲቀሩ ጊዜ ወደ ፍራሹ ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ምርቃናው ጫፍ ላይ ደርሶ አገኙት። ያልጠየቁትን ሁሉ ሰጣቸው። ልብስ ሰፊ የተከራየውን የፊት ለፊቱን ክፍል ለሙሽሮቹ ሰጠ። ሽማግሌዎቹ ማመስገን ሲጀምሩ ደግሞ ልቡ የበለጠ ሰፋና "ሠርጉም የትም አይደረግም፤ እኔ ሆቴል ነው የሚደረገው" አለ። እፀገነት ጓዳ ውስጥ ሆና ሰማችው። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በማግስቱ ስልክ ጮኸ። ያነሳችው እፀገነት ናት። አንደኛው ሽማግሌ በትሕትና፣ መጥሪያው ላይ እንዲጻፍ የሆቴሉን ስም ጠየቋት።

ስልኩን ዘግታ ሻንጣ አወረደች። ድሬዳዋ እህት አለቻት። ልብሷን፣ የደህና ቀን ጫማዋን፣ ነጠላዋን አንድ በአንድ ከተተች። ሻንጣውን ዘግታ ከበሩ ጀርባ አቆመችው።

"ልትሄጂ ነው?" አላት ሙላቱ።

"አሁን አልሄድም። ሳሌምን ሳልድር ብሄድ የሚወራው በእሷ ነው።" ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተች። "ግን አንዲት ቅጠል አፍህ ብትገባ፣ አንዲት፣ በዚያው ቀን በሚኒባስ ነኝ። ሠርጉንም ሆቴልህ ውስጥ ብቻህን ትደግሳለህ።"

"አንዲት ቅጠል አፌ አትገባም። በሚካኤል።"

"ሚካኤልን ተወው። እሱን ከሆቴሉ በፊትም ብዙ ጊዜ አስቸግረኸዋል።"

ሙላቱ ግን የምሩን ነበር። ለማንም ሳይናገር አቆመ። ለዶክተሩም አልነገረውም፤ የጫት ገዢነቱን ሹመት እንዳይነሳው ፈራ፤ ደግሞ ሦስት ቀን ቆይቶ ቢሸነፍ ማንም ባያውቅበት ይሻላል። ጓደኞቹን "ጨጓራ ነው" አላቸው። ችግሩ ሥራው ነበር። ዓሣዎቹ አላቆሙም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሀሊሞ ጃንጥላ ሥር ሄዶ መቆም ነበረበት።

በመጀመሪያው ቀን ሀሊሞ እንደ ልማዱ እሽጉን ከፈት አድርጋ ዘረጋችለት። "እንካ ወላሎ፣ ወንድሜ፣ ቅመስ። ዛሬ ማር ነው።"

የጫቱ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ምራቁ ሞላ። አንዲት ቅጠል። መቅመስ መቃም ነው ወይስ አይደለም? ይህን የሚወስን ዳኛ ቢፈለግ ከተማው ውስጥ ያሉት ዳኞች ሁሉ ቃሚዎች ናቸው። እፀገነት "አንዲት" ስትል ጣቷን እንዳቆመች ትዝ አለው።

"ዛሬ ጥርሴን አሞኛል" አላት። ፊቱንም ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ሽታው እንዳይደርሰው ትንፋሹን ይዞ፣ እጁን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋ። ሀሊሞ እሽጉን አስጨበጠችው።

በማግስቱም ጥርሱ ነበር። ከዚያም በማግስቱ።

"ወረያ፣ አንተ ሰው፣ አስነቅለዋ" አለችው ሀሊሞ።

"ሐኪሙ ይቆይ ብሎኛል።"

"ታዲያ ሳትቀምስ ነው የምትቅመው?"

"ለዓሣ ነው" አላት ወደ መንገዱ እያየ።

ሀሊሞ ሳቀች፤ ግን ነጋዴ ናት። ለዓሣ የሚገዛ፣ የማይቀምስ፣ እንዲያውም ዞሮ የማያይ ሰው በዕድሜዋ ገጥሟት አያውቅም። እጇ ከጆንያው በላይ መሆኑን ትቶ ወደ ሥሩ መሄድ ጀመረ። ሙላቱ ይህን አላየም። ያን ጊዜ የሚያየው ባጃጅ ነበር። ቅጠሉን የሚፈጨውም ዶክተሩ ሆነ፤ ሙላቱ "ጉንፋን ይዞኛል" ብሎ መስኮቱ ጋ ይቆማል። ጉንፋን፣ ጥርስ፣ ጨጓራ፤ ቃል ጠባቂው ሰውዬ በሽታው በዛ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሁለተኛው ገንዳ ዓሣዎች ጠባያቸው ተለወጠ። ወደ መስታወቱ ሣጥን ሲገቡ መሮጡ ቀረ። ታች ይወርዳሉ፤ ከታች ጥጉን ይፈልጋሉ፤ ጥጉ ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ ያዞራሉ። ያልቃሙት እንኳን ለምደው ወደ ላይ ሲወጡ፣ እነሱ እዚያው ናቸው። ዶክተሩ ማሞቂያውን ፈተሸ፣ ውኃውን ለካ፣ የካሜራውን ብርሃን ቀየረ። ፋሲካ ገና ነው፤ ጫቱ አልተቋረጠም፤ የሚቅሙ ዓሣዎች ለምን ያኮርፋሉ? ሙላቱ ከጥጉ ወንበር ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "እንጃ" ይል ነበር።

ቤት ውስጥም ሁኔታው ያው ነው። ከሥራ ይመጣና ሶፋው ጥግ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄ ሲጠየቅ ይነጫነጫል፤ ሲተዉት ደግሞ ተዉኝ ብሎ ይከፋዋል። እፀገነት እየሰለቸች አየችው። ባሏ ሲያጠፋ እንዲህ እንደሚሆን ታውቃለች፤ አጥፍቶ የሚያኮርፍ ባል አዲስ ነገር አልነበረም። ጎረቤቶችም ዝም አላሉም። "የሙላቱ ጨጓራ ተሻለው መሰለኝ፤ በየቀኑ ሀሊሞ ጋ አየዋለሁ" አለቻት አንዷ በገበያ።  ቅዳሜ ዕለት የሥራ ጋውኑን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ፣ የደረቀች የጫት ቅጠል መዳፏ ላይ ወደቀች።

"ለዓሣዎቹ ነው" አላት ሙላቱ ገና ሳትጠይቀው።

"የትኞቹ ዓሣዎች?"

"የዩኒቨርሲቲው ዓሣዎች። ነግሬሽ የለም እንዴ?"

"ስለ ሆቴሉም ነግረኸኛል።"

"እፀገነት፣ እውነቴን ነው። አልቅምም ብያለሁ አልቅምም፣ ለዓሣ ነው የምገዛው።"

ቅጠሏን ወደ ደጅ ወረወረቻት። "ሰኞ እመጣለሁ። ዓሣዎቹን ታሳየኛለህ። ከሌሉ ከዚያው ወደ መነኸሪያ ነኝ፤ ሳሌምም ድሬዳዋ መጥታ ታገባለች።"

ሰኞ ረፋድ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመች። ጥበቃው ተማሪ ልታደርስ የመጣች እናት መስላው ወደ መኝታ ክፍሎቹ ሊመራት ሲል፣ ሙላቱ ሮጦ ደርሶ ሻንጣውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ግቢውን አቋርጠው ሄዱ፤ አቧራው ከኋላቸው ይነሳል።

ላቦራቶሪው ውስጥ ገንዳዎቹ ነበሩ። ዓሣዎቹም ነበሩ። እፀገነት በሩ ላይ ቆመች። ከሃያ ዓመት ሆቴልና ፋብሪካ በኋላ፣ ባሏ ከተናገራቸው ነገሮች ውስጥ አንዱ በዓይኗ ፊት ሲዋኝ አየች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ" አላት ዶክተሩ ወንበር እየሳበ።

"እንኳን ደህና ቆየኸኝ፣ ልጄ።" ሻንጣዋን አስቀምጣ እሱው ላይ ተቀመጠችበት። "ዓሣ አለ። ጥሩ። ግን ዓሣ አለ ማለት ጫቱን ዓሣ ብቻ ይቅመዋል ማለት አይደለም። ይሄ ሰውዬ አብሯቸው ይቅማል ወይስ አይቅምም?"

ዶክተሩ ወደ ሙላቱ አየ፤ ሙላቱ ወደ ግድግዳው አየ። ዶክተሩ እንግዳ አክባሪ ሰው ነውና መልሱን ባያውቀው ጊዜ ሥራውን ያሳያት ጀመር። ከአንደኛው ገንዳ አንድ ዓሣ አውጥቶ ጠባቡ ሣጥን ውስጥ ጨመረ። ዓሣው ወደ ታች ወረደ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ። "ይሄ ያልቃመ ነው፤ ሲለምደው ይወጣል" አላት። እሱን መለሰና ከሁለተኛው ገንዳ ሌላ አመጣ። ይሄኛው እንደገባ ወደ ታች ወረደ፤ ጥጉን አገኘ፤ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። ጠበቁት። አልወጣም።

እፀገነት አጎንብሳ አየችው። "ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?"

"እሱ ነው ያስቸገረን። ይሄኛው የሚቅመው ነው፣ እትዬ። ወደ ላይ ወጥቶ መሮጥ ነበረበት። ሰሞኑን ሁሉም እንዲህ ሆነውብኛል።"

"የእኔውም ሰሞኑን እንዲሁ ነው" አለች በአገጯ ወደ ሙላቱ እየጠቆመች። "ሶፋው ጥግ ገብቶ ነው የሚውለው። ጠዋትም አይወጣም፣ ከሰዓትም አይወጣም።"

ዶክተሩ ዓሣውን አየ። ዞሮ ሙላቱን አየ። ሙላቱ የተቀመጠው በክፍሉ ጥግ፣ ከማቀዝቀዣውና ከግድግዳው መሃል ነበር።

"ጋሽ ሙላቱ" አለ ቀስ ብሎ፤ "ጫቱን ሲገዙ ይቀምሱታል አይደል?"

ሙላቱ የማቀዝቀዣውን ጎን በመዳፉ ጠረገ።

"ጋሽ ሙላቱ።"

"አልቀምስም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከየካቲት። ከሽማግሌዎቹ ማግስት።"

"ለምን?"

ሙላቱ በጣቱ ሻንጣውን አሳየው።

ዶክተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ የተቀረጹትን ወደ ኋላ እየመለሰ አየ። በጥር ዓሣዎቹ ከጫፍ ጫፍ ይሮጣሉ። በየካቲት መጀመሪያም ይሮጣሉ። ከዚያ ከአንድ ሳምንት ወዲያ ሁሉም ወደ ታች። ለመቆጣትም ለመሳቅም የከጀለው ሰው ይመስል ነበር። ያደረ ጫት ሲፈጭ ኖሯል፤ ጥፋቱ የእሱም ነበር፤ ትኩስ ይሁን አይሁን ሳያረጋግጥ ገዢውን አምኖ ነበርና። "እኛ ሳናውቅ አቁመዋል" አለ በመጨረሻ። "ዓሣዎቹ ከእርስዎ ጋር ነው ያቆሙት።"

እፀገነት ከሻንጣው ላይ አልተነሳችም። ዓሣው ጥጉ ውስጥ እንዳለ ነው። እሷ ግን ሌላ ሒሳብ ላይ ነበረች። ይህ ሰውዬ አንዲት ቅጠል ቀምሶ ቢሆን ኖሮ ትኩሱን ይገዛ ነበር። ትኩሱን ቢገዛ ኖሮ እነዚህ ሲሮጡ ታገኛቸው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ጫቱን ያማረረች ሴት፣ የጫት መበላሸት ደስ ሲያሰኛት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

"አንዲትም?" አለችው።

"አንዲትም።"

"ሀሊሞ እየዘረጋችልህ?"

"ፊቴን አዙሬ ነው የምገዛው። ባጃጅ ስቆጥር ነው የከረምኩት።"

እፀገነት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሳቋን ለመደበቅ መሆን አለበት፤ ሙላቱ እርግጠኛ አልነበረም።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሥራው ከመጀመሪያው መጀመር አለበት፤ በወጉ ለቃመና በወጉ ላቆመ ዓሣ ትኩስ ጫት ያስፈልጋል፤ ለትኩስ ጫት ደግሞ ቀማሽ ያስፈልጋል። "አንዲት ጫፍ ብቻ፣ በጥርስ ነክቶ መትፋት ቢሆን..." ብሎ ወደ ሙላቱ አየ።

ሙላቱ ወደ እፀገነት አየ።

"አይቀምስም" አለች።

"ታዲያ እንዴት እናድርግ፣ እትዬ? እኔ ስሄድ እንጨት ነው የሚሸጡልኝ።"

እፀገነት ተነሳች። "ነገ አብሬው እሄዳለሁ።" ሻንጣውን በእግሯ ወደ ሙላቱ ገፋ አደረገችው። "ያዝ። ክንዴን ገንጥሎኛል።"

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ እፀገነት ቤቷ ውስጥ ጫማ ስትፈልግ ቆየች። በስሊፐር ሀሊሞ ፊት አትቆምም። ከበሩ ጀርባ ሄዳ ሻንጣውን ከፈተች፤ ከልብሱ ሥር የደህና ቀን ጫማዋን ጎትታ አወጣችና አደረገችው። ሙላቱ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ጫት ተራው ላይ ነጠላ ያደረገች ሴት ከባሏ ጋር ስትመጣ ሻጮቹ ጨዋታቸውን አቆሙ። ባሏን ለመፈለግ የምትመጣ ሚስት አዲስ አይደለችም፤ ይዛው የምትመጣ ግን አልታየችም።

"ነበድ?" አለቻት ሀሊሞ ሰላምታዋን በሶማልኛ ጀምራ፤ ከዚያ በአማርኛ "ወላል፣ እህቴ፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አለቻት።

"ለዓሣ ነው" አለች እፀገነት።

ተራው በሙሉ ሳቀ። እፀገነት አልሳቀችም። "ዓሣዎቹ አኩርፈውሻል ሀሊሞ። ዩኒቨርሲቲው ተጨንቋል። ያደረ እየሸጥሽ ነው ይሉሻል።"

"እኔ ያደረ?" ሀሊሞ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ባልሽ አይቀምስ። ባልሽ አያይ። የማይቀምስ ሰው ምን ይሸጥለታል፣ ንገሪኝ እስቲ? እኔ የመሰለኝ ለፍየል ነው የሚገዛው።"

"ባሌ አይቀምስም። ትቷል።"

ይህን ጮክ ብላ ነው ያለችው። በሻጮቹ ፊት፣ በገዢዎቹ ፊት፣ ቆመው በሚጠባበቁት ባጃጆች ፊት። ሙላቱ ወደ መንገዱ አዙሮት የነበረውን ፊት ቀስ ብሎ መለሰው። ማቆሙን እሱ ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ አሁን ከአወዳይ እስከ ቀብሪበያ ያልሰማ አይኖርም። መመለሻ የለውም።

ሀሊሞ አየችው። "ወላሂ? ጥርስህ አይደለም?"

"ጥርሴ ደህና ነው" አላት ሙላቱ።

"እንግዲያው አንቺ ቅመሺ" አለቻት ለእፀገነት እሽጉን እየዘረጋች።

"አንቺ ቅመሺልን። እኛ እናይሻለን።"

"እኔ? እኔ ቅሜ አላውቅም። ልጆች አሉኝ።"

እፀገነት እሽጉን ወደ ሀሊሞ ገፋ አደረገችው። ሀሊሞም እንደ መሳቅ አለች፤ የያዘችውን እሽግ ወደ ኋላዋ መልሳ፣ ከጎኗ ካለው ከረጢት ውስጥ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ጤዛው ገና ያልደረቀ ሌላ እሽግ አወጣች። "ይሄ የቤተሰብ ነው። ለዓሣዎቹ ይቅርታ ጠይቂልኝ።"

"ነገም እመጣለሁ" አለቻት እፀገነት።

ጫቱን ላቦራቶሪ አድርሰው፣ ሙላቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤት ሲገባ በሩ ጋ ቆመ። የእፀገነት ጫማ ከደጁ አቧራው ተራግፎ ተቀምጧል፤ ወደ ሻንጣው አልተመለሰም። ሻንጣው እንደወትሮው ከበሩ ጀርባ ነው። ጫማው ከሥሩ ስለወጣ ግን ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ግድግዳውን ተደግፏል።

ሙላቱ ገብቶ የተለመደችው የሶፋ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እፀገነት ሻይ ይዛ መጣች፤ አየችው፤ ሻዩን ግን አልሰጠችውም።

"ወጣ በል እስቲ ከጥጉ" አለችው። "ዶክተሩ ሲለምዱ ይወጣሉ ብሏል።"

ሙላቱ አሰበበት። ከዚያ ትንሽ ወደ መሃል ጠጋ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠችና ሻዩን ሰጠችው፤ ቀዝቅዟል አላለም።